ሲግናሉን በሥርዓት ማበላሸት

ለማስተርስ የደረሰ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ፉሪየር ትራንስፎርምን ያውቃል። ኮንቮሉሽን በወረቀት ሠርቷል፤ የናይኩዊስትን መስፈርት ፈተና ላይ ጽፏል፤ ፊልተር ንደፍ ቢሉት ይነድፋል። ይኸንኑ ተማሪ የዲጂታል ሬዲዮ መቀበያ ንድፍ ዘርግተው «ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል ፌዝ ከሚያስተካክለው ለምን ቀደመ? ቦታ ቢለዋወጡስ ምን ይሆናል?» ብለው ቢጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ ይደናገራል። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ተምሯቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሠሩ ግን አላያቸውም።

በግኑ ሬዲዮ የማስተማሪያ ሰነዶች ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሠራ የሚመስል መልመጃ አለ። የሚያስተምረው የፒኤስኬ ሲግናል እንዴት እንደሚቀበሉ ነው። አንቴና አይጠይቅም፣ ኦሲሎስኮፕ አይጠይቅም፤ አንድ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ሌሎች የሲሙሌሽን መልመጃዎች በብዛት የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ንጹሕ ሲግናል ያሳያሉ፣ ጥቂት ኖይዝ ይደፉበታል፣ በፊልተር ያጠሩታል፣ አለቀ። ይኸኛው ግን ሲግናሉ በምን በምን እንደሚበላሽና የትኛው ብልሽት ከየትኛው ቀድሞ መጠገን እንዳለበት አጥብቆ አስቦበታል። የእጅ ሥራውን ጥራት የማየው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ጥቂት ልበል። ግኑ ሬዲዮን ኤሪክ ብሎሶም እ.ኤ.አ. በ2001 ጀመረው፤ ገንዘብ የሰጠው ጆን ጊልሞር ነበር። ከመጀመሪያ ዓላማዎቻቸው አንዱ የአሜሪካን የዲጂታል ቴሌቪዥን ስርጭት በተራ ኮምፒውተር መቀበል ነበር፤ ለዚያ ዘመን ፕሮሰሰር ቀላል ሸክም አልነበረም። ዋና ዋና ብሎኮቹ በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፈው በፓይተን ይያያዛሉ። ተማሪው የሚያየው ግን ግኑ ሬዲዮ ኮምፓኒየን የተባለውን ሥዕላዊ ገጽ ነው፤ ብሎክ ይጎትታል፣ በቀስት ያገናኛል፣ ያስኬዳል፤ ተያይዞ የተሠራው ሥዕል ፍሎግራፍ ይባላል። የብሎኮቹ መግቢያና መውጫ ቀለም አለው። ኮምፕሌክስ ቁጥር የሚያልፍበት ሰማያዊ ነው፤ ሪል ቁጥር የሚያልፍበት ብርቱካናማ፤ ባይት የሚያልፍበት ሐምራዊ። የማይስማሙ ሁለት ቀለሞች ከተገናኙ ቀስቱ ይቀላል፣ ፍሎግራፉም አልሄድ ይላል። ሪልና ኮምፕሌክስን ማደባለቅ የጀማሪ ሁሉ ጥፋት ነውና፣ ሳይሄድ በፊት በቀለም ብቻ መያዙ ለብዙ ሰው ብዙ ሌሊት አትርፏል ብዬ አስባለሁ። ደግሞም ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ምንጩም ክፍት ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር በኋላ ይጠቅመናል።

ስሮትል የሚባል ብሎክም አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያልፈው፣ እኔ ግን የምወደው። እውነተኛ ሃርድዌር ሲኖር ጊዜን የሚመጥነው ሃርድዌሩ ነው፤ በየሰከንዱ ይህን ያህል ናሙና ብሎ ያወጣል። በሲሙሌሽን ውስጥ ግን ሰዓት የለም። ተማሪው የናሙና ፍጥነት ብሎ 32,000 ቢጽፍ ፕሮሰሰሩ ቁጥሩን አያከብረውም፤ በቻለው መጠን ይጋልባል፣ ስክሪኑ ይደነዝዛል፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ ይጮኻል። ስሮትል ፍሰቱን በዚያ ፍጥነት ገደማ እንዲሄድ ይገታዋል። ገደማ ነው እንጂ ትክክለኛ ሰዓት አይደለም፤ እውነተኛ ሃርድዌር ሲገባም መውጣት አለበት። ተማሪው አውጥቶት ሲያስኬድ፣ መልሶ ከቶ ሲያስኬድ፣ ማንም በቃል ያልነገረውን ያገኛል፤ ዲጂታል ሲግናል ራሱ ሰከንድ አያውቅም፣ የሚያውቀው ተራ ቁጥር ነው። ኸርዝ የምንለው ከውጭ የምንለጥፍበት ነገር ነው።

ወደ ላኪው እንምጣ። ላኪው በዘፈቀደ ባይቶች ያመነጭና ወደ ኪውፒኤስኬ ይለውጣቸዋል፤ ሁለት ሁለት ቢት በክብ ላይ ካሉ አራት ነጥቦች በአንዱ ይወከላል፣ ለእያንዳንዱ ሲምቦልም አራት ናሙና ይወጣል። ተማሪው ኮንስቴሌሽኑን ሲከፍት የሚጠብቀው ጥርት ያሉ አራት ነጥቦችን ነው። የሚያየው ግን የተዝረከረከ ደመና ነው። ኖይዝ ገና አልገባም፣ ቻናልም የለም፤ ሲግናሉ ከላኪው ሳይወጣ ተበላሽቷል!

ያበላሸው ራሱ ላኪው ነው፤ አስቦ ነው። ባንድዊድዝ እንዳይባክን ሲምቦሎቹን በሩት ሬይዝድ ኮሳይን ፊልተር ያለዝባቸዋል፤ በዚህ ምክንያት አንዱ ሲምቦል በሌላው ላይ ይደርባል። ናይኩዊስት የጠየቀው ሁኔታ፣ ማለትም በትክክለኛዋ ቅጽበት አንድ ሲምቦል በሌላው ላይ ምንም እንዳይጨምር፣ የሚሟላው እንዲህ ያሉ ሁለት ፊልተሮች ተከታትለው ሲሠሩ ነው፤ አንዱ ከላኪው፣ ሌላው ከተቀባዩ። ለምን ሙሉው ከላኪው ዘንድ አይቀመጥም? ተቀባዩ ጋ ያለው ግማሽ ከሲምቦሉ ቅርጽ ጋር የተጣጣመ በመሆኑ በነጭ ኖይዝ ፊት የሚቻለውን ትልቁን የሲግናልና ኖይዝ ጥምርታ ስለሚሰጥ ነው። ይህን በቀመር ማረጋገጥ የሁለት ገጽ ሥራ ነው። መልመጃው ቀመሩን አይተካም፤ ግን ሁለተኛው ፊልተር ገብቶ ደመናው ወደ አራት ነጥብ ሲሰበሰብ ያየ ሰው ቀመሩን የሚያነብበት ዓይን ይለያል። የመጀመሪያው «ብልሽት» የተፈጥሮ ሳይሆን የንድፍ መሆኑ በጣም ያስደስተኛል፤ ተማሪው የተዝረከረከ ነገር ሁሉ ጥፋት ነው ብሎ እንዳይደመድም ከወዲሁ ይከለክለዋል።

ከዚህ በኋላ ቻናል ሞዴል የሚባለው ብሎክ ይገባል፤ የመልመጃው ልብ ይህ ነው። ሲከፍቱት አራት ዋና ቁጥሮች ይታያሉ፤ የኖይዝ ቮልቴጅ 0፣ የፍሪኩዌንሲ መዛነፍ 0፣ ኤፕሲሎን የተባለው የሰዓት ጥምርታ 1.0፣ የመንገዶቹ ዝርዝር ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ፣ 1.0። እንዲህ የተቀመጠ ቻናል ከጥቂት መዘግየት በቀር በሲግናሉ ላይ የሚያደርገው ነገር የለም። መነሻው ፍጹም ቻናል ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከመነሻው ሲነቃነቅ አንድ ብልሽት ብቻ ይወልዳል፤ ያ ብልሽት ስላይደር ተበጅቶለት በተማሪው ጣት ሥር ይውላል። አምስተኛ ቦታም አለ፤ የኖይዙ መነሻ ቁጥር። አስተማሪው አንድ ቁጥር መርጦ ለሁሉም ከሰጠ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ያንኑ ኖይዝ ያገኛል፤ የአንዱ ውጤት ከጎኑ ካለው ሲለይ ሰበብ የሚሆን ዕድል አይኖርም።

ምንጩን ከፍቶ ውስጡን ላየ ሰው ሌላ ደስታ አለ። ሲግናሉ መጀመሪያ የናሙና ፍጥነቱን በሚለውጥ ክፍል ያልፋል፤ ቀጥሎ መንገዶቹን በሚመስል ፊልተር፤ ቀጥሎ በሚሽከረከር ኮምፕሌክስ ሞገድ ይባዛል፤ ኖይዙ የሚደመረው በመጨረሻ ነው። ኖይዙ ከፊልተሩ በፊት ቢገባ ኖሮ ፊልተሩ ቀለም ይሰጠው ነበር፤ ነጭነቱ ይጠፋ ነበር። በእውነተኛ ሬዲዮ ደግሞ ዋናው የሙቀት ኖይዝ የሚወለደው ከተቀባዩ የመጀመሪያ ማጉያ ውስጥ ነው፤ በመንገድ አልመጣም። ቅደም ተከተሉ ይህን ያውቃል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የፍሪኩዌንሲው መዛነፍና የሰዓቱ መዛነፍ ሁለት የተለያዩ ስላይደሮች ናቸው። በእውነተኛ መቀበያ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ክሪስታል ይመጣሉ። ክሪስታሉ ከሚሊዮን አሥር ያህል ቢዛነፍ በ100 ሜጋኸርዝ ላይ 1 ኪሎኸርዝ፣ በ1 ጊጋኸርዝ ላይ 10 ኪሎኸርዝ ስሕተት ይሆናል። ያው ክሪስታል ናሙና የሚወሰድበትን ሰዓት የሚገዛ ከሆነ ኤፕሲሎን 1.00001 ይሆናል፤ 100,000 ናሙና ባለፈ ቁጥር አንድ ናሙና ይንሸራተታል፤ ይህም ሩብ ሲምቦል ነው። ለየብቻ መታየታቸው ለመጀመሪያ ቀን ትክክል ነው፤ አንድ ብልሽት በአንድ ጊዜ። በሁለተኛው ቀን ግን ጠንቃቃ አስተማሪ ሁለቱን በአንድ ቁጥር አስሮ ማሳየት አለበት፤ ካልሆነ ተማሪው ክሪስታል የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ይመረቃል።

የፍሪኩዌንሲውን ስላይደር ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት አራቱ ነጥቦች መዞር ይጀምራሉ፤ ሲጨምሩበት እንደ እንዝርት ይፈጥኑና ነጥብነታቸው ጠፍቶ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ተማሪ ሁሉ ወዲያውኑ ይህን ማቆም ይፈልጋል። መልመጃው ግን አይፈቅድለትም። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክል ይለዋል፤ ቀለበቱ እየዞረ ይቆይ።

ሰዓት የማስተካከሉ ብልሃት እንዲህ ነው። ተቀባዩ የሲምቦሉን ጫፍ ማግኘት አለበት፤ ናሙናዎቹ ግን አስቀድመው ተወስደዋል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ክሪስታሉን ማዘዝ የለም። ፖሊፌዝ ክሎክ ሲንክ የተባለው ብሎክ ያንኑ የተቀባዩን ግማሽ ፊልተር በ32 ቅጂ ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ከቀዳሚው በናሙና 1/32 ያህል የተገፋ ነው። ሰዓቱን አያንቀሳቅስም፤ ጫፉ ላይ የሚያርፈውን ቅጂ ይመርጣል። በዚያው ምርጫ የተጣጣመው ፊልተርም ሥራውን ይሠራል፣ ከአራቱ ናሙና አንዱም ተለይቶ ይወጣል፤ ሦስት ሥራ በአንድ ብሎክ። ፍሬድ ሃሪስና ማይክል ራይስ በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ የቆመ ሐሳብ ነው።

ትክክለኛውን ቅጂ በምን ያውቀዋል? ከ32ቱ ጎን ሌሎች 32 ፊልተሮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ዴሪቬቲቭ ናቸው። ጫፍ ላይ ተዳፋት ዜሮ ነው። ቀድሞ ከደረሰ አቀበት፣ ዘግይቶ ከደረሰ ቁልቁለት ያገኛል። ሲምቦሉ ኔጋቲቭ ሲሆን ግን አቀበቱ ቁልቁለት ይሆንበታልና ተዳፋቱን በራሱ በፊልተሩ ውጤት ያባዛዋል፤ ምልክቱ ይቃናል። የሪሉን ብዜትና የኢማጂነሪውን ብዜት ደምሮ ለሁለት ያካፍላል፤ የሰዓት ስሕተት የሚለው ይህን ነው። እዚህ ድምር ላይ ነው ቆም ማለት የሚገባው። ነጥቦቹ በማንኛውም አንግል ቢዞሩ ድምሩ አይለወጥም፤ ሪሉ ያጣውን ኢማጂነሪው ያገኛል። ክፍሉ ፌዝን አያይም። ባለማየቱም ነው ከፌዝ በፊት መቀመጥ የቻለው፤ ቀለበቱ እየዞረ ሥራውን ይሠራል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ በአንድ የመደመር ምልክት ውስጥ ነበር።

በአዲሶቹ የሶፍትዌሩ እትሞች የዚህ ብሎክ ቦታ በሌላ ተተክቷል፤ የፋይሉ ዓይነትም ተለውጧል፤ የድሮ ፍሎግራፍ ሲከፍቱ ብሎኮች ጠፉ ማለት የተለመደ ነው። የሚያናድድ ነገር ነው። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ የመንገዶቹ ዝርዝር ከ1.0 ሌላ ጥቂት ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ይጨመሩበታል። በአጭር ሞገድ የዶቸ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ያዳመጠ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ ድምፁ ይጎላል፣ ይሰምጣል፣ እንደገና ይመለሳል። ሞገዱ ከአዮኖስፌር በተለያየ መንገድ ተንጸባርቆ ስለሚደርስ ነው፤ መንገዶቹ ሲደጋገፉ ይጎላል፣ ሲፃረሩ ይሰምጣል። የመልመጃው ቻናል የማይለዋወጥ በመሆኑ መጉላትና መስመጡን አያሳይም፤ ሲምቦል በሲምቦል ላይ መደረቡን ግን ያሳያል። መድኃኒቱ ኢኳላይዘር ነው፤ የሚሠራውም በዶሚኒክ ጎዳር የ1980 ጽሑፍ በታወቀው ዘዴ ነው። ይህ ኢኳላይዘር የተላከውን አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የኪውፒኤስኬ አራቱም ነጥቦች ከመሃል እኩል ርቀት ላይ ናቸው፤ ርቀቱ ከ1 ሲርቅ የራሱን ቁጥሮች ትንሽ ትንሽ ይለውጣል። ይህም አንግል አያይም። ቀለበቱ ቢዞር ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ቀለበቱ ቀጭን እንዲሆን ነው። በስክሪኑ ላይ ወፍራሙ ቀለበት ቀስ እያለ ሲቀጥን ማየት ከመልመጃው ሁሉ የምወደው ክፍል ነው።

አሁን ነው ለመዞሩ ተራ የሚሰጠው። ጆን ኮስታስ በጄነራል ኤሌክትሪክ ሳለ በ1956 ያሳተመው ሉፕ እስከ ዛሬ ስሙን ይዟል። መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ማባዣ፣ ፊልተርና ኦሲሌተር ያለበት ትልቅ ሥዕል ሆኖ ይቀርባል። በግኑ ሬዲዮ ምንጭ ውስጥ ለአራት ነጥብ የሚሆነው የፌዝ ስሕተት መለኪያ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሪሉ ምልክት (አንድ ወይም ኔጋቲቭ አንድ) በኢማጂነሪው ይባዛል፣ ከዚያ ላይ የኢማጂነሪው ምልክት በሪሉ ተባዝቶ ይቀነሳል። አርክታንጀንት የለም። የሚባዛውም በአንድ ወይም በኔጋቲቭ አንድ ብቻ ነው።

በእጅ ይሞክሩት። ነጥቡ 45 ዲግሪ ላይ ሲሆን ሪሉና ኢማጂነሪው እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ ዜሮ። ወደ 50 ዲግሪ ሲሸሽ ኢማጂነሪው 0.766፣ ሪሉ 0.643፤ ስሕተቱ 0.123፤ ሉፑ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። 140 ዲግሪ ላይ ቢያሰሉት፣ ማለትም ከሁለተኛው ነጥብ በ5 ዲግሪ ሲሸሽ፣ ያው 0.123 ይመጣል። አራቱም ሩብ ክቦች በአንድ መስመር ተስተናገዱ። ለድህረ ምረቃ ተማሪ ክፍት ምንጭ ያለው ዋጋ እዚህ ነው፤ ብሎኩን ከፍቶ የመጽሐፉ ሥዕል ወዴት እንደገባ ይፈልጋል፣ አንድ መስመር ሆኖ ያገኘዋል። የሉፑን ባንድዊድዝ በስላይደር ሲያጠበው ነጥቦቹ ለመቆም ይዘገያሉ፣ ከቆሙ በኋላ ግን ይረጋሉ፤ ሲያሰፋው ቶሎ ይቆማሉ፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ። መልመጃው 0.0628 ገደማ፣ ማለትም ሁለት ፓይ ሲካፈል ለ100፣ ላይ ያስጀምረዋል።

አራቱንም እኩል ማስተናገዱ ግን ዋጋ አለው። ሉፑ በየትኛው እንደቆመ አያውቅም፤ ኮንስቴሌሽኑ ፍጹም ሆኖ ታይቶ ቢቶቹ ሁሉ የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ላኪው መረጃውን በነጥቡ ላይ ሳይሆን ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ባለው ለውጥ ላይ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻ የተላከውና የተቀበሉት ቢቶች በአንድ ግራፍ ይሳላሉ፤ አይገጥሙም። ተማሪው የሠራው ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል። ያለፉባቸው ፊልተሮች ሁሉ ሲግናሉን አዘግይተውታልና የዲሌይ ስላይደሩን ሲገፋ ሁለቱ መስመሮች ይደራረባሉ።

መልመጃው እዚህ ማቆሙ አይበቃኝም። የሚያምር ሥዕል ተማሪን ያዘናጋል፤ የድህረ ምረቃ ተማሪ የስሕተት ኩርባ መሳል አለበት። በቲዎሪ የኪውፒኤስኬ ሲግናል የቢት ጉልበቱ ከኖይዝ ጥግግቱ በ9.6 ዴሲቤል ሲበልጥ ከ100,000 ቢት አንዱ ይሳሳታል። ይህን በእምነት ለመለካት 100 ያህል ስሕተት መጠበቅ፣ ስለዚህም 10 ሚሊዮን ቢት ማሳለፍ ያስፈልጋል። ችግሩ ስላይደሩ የሚናገረው በቮልቴጅ እንጂ በዴሲቤል አለመሆኑ ነው፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን የኖይዙ ኃይል አራት እጥፍ ነው። ደግሞም ኖይዙ በናሙናው ባንድዊድዝ ሁሉ ላይ ተዘርግቷል፤ አንድ ሲምቦል አራት ናሙና መሆኑን የረሳ ተማሪ ኩርባው 6 ዴሲቤል ተገፍቶ ያገኘዋል። ይህን ካረመ በኋላም የሱ ስሕተት ከቲዎሪው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ መረጃው በለውጥ ላይ ስለተቀመጠ አንድ የተሳሳተ ነጥብ ሁለት ለውጦችን ያበላሻል። የት እንዳጠፋ ፈልጎ ምንም እንዳላጠፋ የሚያገኝበት የቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ቻናል ሞዴሉንና ስሮትሉን አውጥቶ እውነተኛ መቀበያ መክተት ነው። ከ2012 ወዲህ ርካሽ የቴሌቪዥን መቀበያ ዩኤስቢዎች ባለ8 ቢት ጥሬ ናሙና ማውጣት እንደሚችሉ ስለታወቀ ይህ በመቀበያው በኩል የኪስ ገንዘብ ጉዳይ ሆኗል፤ ለመላኪያው ማት ኤተስ የሠራውን ዩኤስአርፒ የመሰለ ነገር ያስፈልጋል። የቀሩት ብሎኮች ሲግናሉ ከሲሙሌሽን ይምጣ ከአንቴና አያውቁም። ብዙ ጊዜ ግን አይሠሩም። ሰዓት አስተካካዩ የሚያባዛው የፊልተሩን ውጤት በተዳፋቱ ነው፤ ሁለቱም ከሲግናሉ መጠን ጋር ያድጋሉ፣ ይቀንሳሉ። ከአንቴናው የመጣው ሲግናል መጠኑ በ10 እጥፍ ያነሰ ከሆነ የሰዓት ስሕተቱ በ100 እጥፍ ያንሳል፤ ሉፑ የሚያነቃው ነገር ያጣል። ከፊቱ መጠኑን የሚያስተካክል የኤጂሲ ብሎክ ሲገባ ይነሳል። በሲሙሌሽኑ ውስጥ ለመጠን ስላይደር አልነበረም። ሊኖር ግን ይችል ነበር፤ የመንገዶቹ ዝርዝር ውስጥ ያለውን 1.0 ወደ 0.1 መለወጥ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።